ይዤው የሄድኩት መንፊያ

ነገሌ ያላችሁ፣ ጃርሶን ሰላም ማለት የተዋችሁ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ናይሮቢ ያላችሁ የአገሬ ልጆችም ብታነቡት አልጠላም፤ አገር ስትለቁ ምን ይዛችሁ እንደወጣችሁ እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። እኔ የያዝኩትን እነግራችኋለሁ፤ እስክጨርስ ብቻ ታገሡኝ።

ወደ ናይሮቢ የሚወስደኝ የጭነት መኪና የሚነሣው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ያሠለጠነኝ ጣልያናዊ መካኒክ፣ ሙሴ የምንለው፣ ጋራዡን ዘግቶ አገሩ ከገባ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ የእናቴን እጅ እያየሁ ነበር የምኖረው። ሾፌሩ ናይሮቢ ለመካኒክ ሥራ ሞልቷል ሲለኝ አላንገራገርኩም። ሙሴ ሲሄድ የእሽቅድምድም ብስክሌቱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ታስታውሱታላችሁ፤ ግራጫው፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈው፣ ጃርሶ «ዳለቻ» ብሎ ስም ያወጣለት።

እሑድ እሑድ ከስልክ ቤቱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር እንሰበሰብ የለ? ባለ ብስክሌቶቹ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ከጦር ሰፈሩ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ እና ልብስ ሰፊው በቀለ። እሾህ ጎማችንን እንዳይወጋብን ብስክሌቶቻችንን እስከ ግራሩ ድረስ በትከሻችን ተሸክመን እንመጣ ነበር። በዚህ ስንት ሳቃችሁብን። እኛ ግን በላምባ ወልውለን፣ ካቴናውን ዘይት አጠጥተን፣ አሰልፈን እናቆማቸዋለን። የከበረ እንግዳ ሲመጣ ዳለቻን በአንድ ጣቱ ብድግ አድርጎ ቅለቱን እንዲያይ ይፈቀድለታል። ከዚያ የኋላውን ጎማ አሽከርክረን ድምፁን ዝም ብለን እናዳምጣለን።

ጃርሶ ብስክሌት አልነበረውም። አብሮ አደጌ ነው፤ አባቱ ሊበን ውስጥ ከብት አርቢ ናቸው። የአባቱ አገር ሰዎች በሬ እንደሚያወድሱ በኦሮምኛ የዳለቻን ቀንድ፣ ወገብ፣ አረማመድ እያነሣ ሲያወድስ፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው እሱን ለመስማት ነበር። መንዳት በበቀለ ብስክሌት ቢማርም፣ የሚያወድሰውን ግን አንድም ቀን ተቀምጦበት አያውቅም። እኔ አልፈቀድኩለትማ።

የተነሣሁ ለት ዳለቻን ቤቱ ወስጄ ግድግዳ አስደገፍኩትና፣

«አደራ፣ ማንም እንዳይነዳው» አልኩት።

«እኔም?»

«አንተም።»

ሳቀና እሺ አለ። እኔ ግን አላመንኩትም። ጎንበስ ብዬ የሁለቱንም ጎማ ነፋስ አስተነፈስኩና መንፊያውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። የዳለቻ ጎማ አፉ ቀጭን ነው፤ የሌሎቹ ብስክሌቶች መንፊያ አይገባበትም። ጃርሶ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም አየ። ከዚያም ሻንጣዬን ተሸክሞ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ በራፏ ላይ አንድ ቅል ጭኮ ሰጥታኝ፣ ግንባሬን ስማ፣ መንገዱን ሳልታጠፍ ወደ ቤት ገባች። ስታለቅስ እንዳላያት ነው።

ሞያሌ ላይ ዕቃዬን የፈተሸው ፖሊስ የኬንያ ወገን ቦረና ስለነበር በኦሮምኛ ተግባባን። መንፊያውን አውጥቶ አገላብጦ አየውና ብስክሌቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ። አገሬ ቀርቷል አልኩት። ለባልደረባው በስዋሂሊ ነገረውና ሁለቱም ሳቁ።

«ሌላው ሰው ብስክሌቱን ይዞ መንፊያውን ይረሳል» አለኝ። «አንተ ነፋሱን ብቻ ይዘህ መጣህ።»

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ ሲስቅ አብሮ ይስቃል።

ናይሮቢ ብርዷ ሌላ ነው። የነገሌን ፀሐይ ስረግም የኖርኩ ሰው ሐምሌ ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ገንፎ ይመስላል፤ ግን መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤ የሚያፈስበት ሰው የለም። ወተቱ ነጭ ውኃ ነው፤ እኛ ጋ በጢስ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያደረውን ለለመደ አፍ አይሆንም። አከራዬ መንፊያውን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስታይ ብስክሌት ግቢዋ እንዳላስገባ አስጠነቀቀችኝ። ብስክሌት የለኝም ብላት፣ እንግዲያው እሱ እስኪመጣ በመንፊያው የከሰል እሳቴን ንፋልኝ አለች። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ ሰላምታቸውንም ምግባቸውንም ቀስ በቀስ ለመድኩ።

እሑድ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ። አንድ እሑድ በአስፋልቱ ዳር ስሄድ ሰባት ስምንት የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ሻይ ቤት ፊት ለፊት ተደርድረው አየሁ። ባለቤቶቻቸው ከበው አንዱ የሌላውን ፍሬን ይነካካል፣ ጎማ ያሽከረክራል። ያን ድምፅ ስሰማ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። እንደ አገሬ ወግ፣ ላክብራቸው ብዬ፣ አንዱን በአንድ ጣቴ ብድግ አደረግሁት። ባለቤቱ ሌባ መሰልኩትና ዘበኛ ጠራብኝ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ እየገፋ ሲወስደኝ በጥቂቷ ስዋሂሊዬ እንዴት ላስረዳው? የዚያን ቀን አገሬ ናፈቀኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ጃርሶ ናፈቀኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከአንድ አስተማሪ ጎረቤታችን ደብዳቤ መጣልኝ። እናቴ በወባ ሞታለች። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር በዚያ ሳምንት ለክትባት ሊበን ገጠር ወጥቶ ነበር። መኪና አልነበረም። ሃምሳ አለቃውና ልብስ ሰፊው በቀለ ደግሞ ሙሽራ ሊያጅቡ ብስክሌታቸውን ጭነው ክብረ መንግሥት ሄደዋል። ጃርሶ በእግሩ ሮጠ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ በዳለቻ ቢሆን ሁለት ሰዓት አይፈጅም ነበር። እሱ ግን ግማሽ ቀን ወሰደበት፤ ድሬሰሩን ይዞ ሲመለስ እናቴ አልፋለች። «ብስክሌቱ ቤቱ ቆሞ፣ አደራ ነው ብሎ ሳይነካው ሰው ገደለ» ይላል ደብዳቤው፤ «ሰዉ አኩርፎታል፣ ለቅሶ ላይም ጎኑ የተቀመጠ የለም።»

በሾፌር ቀጠሮ ልኬ ጃርሶን ነገሌ ስልክ ቤት አስጠራሁት። መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ድምፁ መጣ።

«አካም ጅርታ? ናጋ?» ብሎ ደኅንነቴን በኦሮምኛ ጠየቀኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ስለ እናቴ አጽናናኝ። እስከ መጨረሻው ስሜን ትጠራ እንደነበር ነገረኝ። አለቀስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«መንፊያውን እኔ እንደወሰድኩት ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«የእናትህ ለቅሶ ላይ ስምህን ላንሣ? አንተ እዚህ የለህም፣ መልስ አትሰጥም። እኔ አለሁ።»

እንግዲህ ዛሬ እኔ መልስ እየሰጠሁ ነው። አደራ ጠብቆ አይደለም ያልነዳው፤ ያ ብስክሌት የሚነዳ አልነበረም። እንደዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ለገዛ ጓደኛዬ ሰስቼ። ጃርሶን አትንኩት። ይህን ወረቀት የሚያመጣላችሁ ሾፌር መንፊያውንም ይዟል፤ እሑድ ከግራሩ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለጃርሶ ስጡልኝ።

መንፊያውን እንደምልክለት ያኔውኑ በስልክ ነገርኩት። ጎማው ባዶውን ቆሞ እየተሰነጠቀ ስለሆነ ቶሎ ብትልከው ጥሩ ነው አለኝ።

«ዳለቻ ያንተ ነው» አልኩት። «ንፋውና ንዳው።»



«አሁን የት ልሄድበት?» አለኝ።