አማቴን ያስኬደችው ዶሮ

የባሌ አባት ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ አንዱ ክርክር ነው፣ ሁለተኛው የዚያው ክርክር ይግባኝ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ያልቆሙበት ችሎት፣ ያላስቸገሩት ዳኛ አልነበረም። ኩታቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ይዘው «ተጠየቅ» ሲሉ ነገሩ የማይመለከተው ሰው ሳይቀር የሠራውን ጥፋት ማሰብ ይጀምራል። እኔ በተዳርኩ በሳምንቴ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብለው ሦስት ምስክር ቆጥረውብኛል። ተረታሁ።

ጣሊያን ገብቶ ችሎቱን ሲይዝ ግን «ጠላት በተቀመጠበት ችሎት አልቆምም» ብለው ማሉና ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ ተሟጋች ቤቱ ውስጥ የሌለበት ሰው አምላኩን ያመስግን። ባሌ ዱር ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ስለነበር ሙግቱን ሁሉ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ወንዝ ስወርድ ከበሬው ጋር ይከራከሩ ነበር፤ በሬውም የረታቸው አይመስለኝም። በክረምቱ መውጫ ደግሞ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረ።

ወጌሻው መጥቶ አጥንቱን አገጣጠመ፣ በሸምበቆ ስንጣሪ አሰረው፣ በየሳምንቱም እየመጣ የእግር ጣቶቻቸውን በቅቤ አሸልኝ። ቅጠል አልቀጠቀጠም፣ ሥር አልበጠበጠም። ስንጣሪውን የፈታው ዕለት እንዲህ አለ፦ «አጥንቱ ገጥሟል። ከእንግዲህ መድኃኒቱ መራመድ ነው፤ በየቀኑ ከትናንቱ ትንሽ ጨምሮ። ካልተራመዱ ጅማቱ ይኮማተርና እንዲሁ ተኝተው ይቀራሉ።»

አማቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ወዴት ነው የምራመደው? የምሄድበት ችሎት የለኝ» አሉ።

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ጦር መንደር ሊያቃጥል ሲመጣ ሁላችንም ወደ ገደሉ እንወርድ ነበር፤ ዋሻው ያለው እዚያ ታች ነው። አማቴ ግንድ የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንስራ ከነውኃው ሲከብደኝ የምንገዳገድ ነኝ። መራመድ ካልቻሉ ትቻቸው መሸሽ ወይም አብሬ መቃጠል ነበር የቀረኝ።

ስለዚህ ማስታመሙን ተያያዝኩት። በሞቀ ውኃ አጠብኳቸው፣ ባታቸውን አሸሁ፣ ለመንኩ፣ ዘፈንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ልባቸው እንዲጽናና ቄሱን ጠርቼ ዳዊት አስደገምኩላቸው። አማቴ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና «ይኸ ሰው ጠላቶቹን ከሰሰ እንጂ አንድም ምስክር አላቆመም» አሉ። ቄሱ መጽሐፋቸውን አጥፈው ሄዱ።

አንድ ጠዋት የጎረቤቴ ቀይ ዶሮ አጥሩን ሾልካ ገብታ የነጭ ሽንኩርት መደቤን ጭራ ጭራ ጨረሰችው። ጎረቤቴ ባልዋ በዘመቻ ሞቶባት ዓመት ሙሉ ከግቢዋ ያልወጣች፣ ጥቁሯን ያላወለቀች ሴት ናት። በሷ መቆጣት ስለማይሆንልኝ ቤት ገብቼ ከራሴ ጋር ስነጫነጭ፣ ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

«ምስክር አለሽ?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ «ውኃ» እና «ተይኝ» ብቻ ሲሉ የከረሙ ሰው ናቸው። ቀስ ብዬ ዞርኩ። «የለኝም አባባ። እርስዎ በበሩ አይተው የለም?»

«አይቻለሁ» አሉ። አላዩም፤ ፊታቸው ግድግዳው ላይ ነበር። «ግን እኔ ምስክር አልሆንም። መደቡ ያለው በኔ ርስት ነው፤ ከሳሹ እኔ ነኝ።»

ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ። «እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ተከሰሽልኝ» አልኳት። ስለ እግራቸው ነገርኳት፣ ስለ ገደሉም ነገርኳት። እሷ የሰማችው ግን ስለ ዶሮዋ የተባለውን ብቻ ነው። «የኔ ዶሮ ሽንኩርት አትነካም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በዓመቷ።

በኛ አገር ሁለት ባለጉዳዮች ያገኙትን መንገደኛ አቁመው «ዳኝነት ስጠን» ማለት ይችላሉ፤ እሱም ተቀምጦ መስማት አለበት። ወደ ዳኛ ሲሄዱ ደግሞ አንዱ ጥሎ እንዳይሄድ የልብሳቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ጎን ለጎን ነው። እንደዚህ ያለው ችሎት የጣሊያን ስላልሆነ መሐላቸውን አይነካም። በዳኛ ፊት ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚሟገት የለም፤ አማቴ እኔንና የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

የመጀመሪያው ዳኛ አሞሌ የጫነ ነጋዴ ነበር። አስቀድሜ አጥሩ ጋ ጠብቄ «እባክህ አትፍረድ፣ ወደ ሌላ ዳኛ ምራቸው» ብዬዋለሁ። አማቴ ስለ ሽንኩርቱ ሲናገሩ የነጋዴው አህያ ከነጭነቷ ተኛች። እሱም በመጨረሻ «ይኸ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ዋርካው ሥር ላሉት ሽማግሌዎች አቅርቡት» አለ። ኩታና ነጠላ ተቋጥሮ፣ አማቴ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢያቸው ወጡ።

ዋርካው ሥር ያሉት ወደ ወፍጮ ቤቱ መሯቸው፣ ወፍጮ ቤቱ ወደ ወንዙ መሻገሪያ። ዳኞቹን ሁሉ ቀድሜ የማስጠነቅቀው እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ዘመን ሮጬ አላውቅም። ልክ ወጌሻው እንዳለው በየቀኑ ከትናንቱ ትንሽ ይጨመራል።

«ቀስ በይ፤ ተከሳሽ ከከሳሽ አይቀድምም» ይላሉ አማቴ።

«ከሳሽስ ተከሳሽን ይደገፋል እንዴ ጌታው?» ትላለች፤ ትከሻዋን ግን አትነሳቸውም።

መሻገሪያው ላይ አንድ የጣሊያን መኮንን ከሁለት ወታደርና ከአስተርጓሚ ጋር አገኘን። መኮንኑ ቋጠሮውን አይቶ ማን እንዳሰራቸው አስጠየቀ።

«እሷ እኔን፣ እኔ እሷን» አሉ አማቴ።

አንደኛው ወታደር ሊፈታቸው አዝኖ ቢላዋ መዘዘ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ድምፅ ጮኹበት፤ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። መኮንኑ ነገሩ ደስ ብሎት መሆን አለበት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኔ ልዳኛችሁ አለ። አማቴ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«ለጌታህ ንገረው፤ ነገሩ የዶሮ ነው። ዶሮዋ ደግሞ አልገበረችለትም።»

አስተርጓሚው ወደ መኮንኑ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። መኮንኑ ስቆ ተነሣ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ምን አልከው?» አልኩት በሹክሹክታ። «እብዶች ናቸው አልኩት» አለኝ።

በወሩ ገደማ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚቀመጡትን መሪጌታ ሳላስጠነቅቅ ቀረሁ፤ እሳቸውም ሁለቱን ወገን ሰምተው ባንድ ጊዜ ፈረዱ። ዶሮዋ ለአማቴ ተሰጠች፣ ቋጠሮው ተፈታ። አማቴ እየፎከሩ ቤታቸው ገቡ።

በማግሥቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ዶሮዋ ከአልጋው እግር ጋር ታስራ ታየኛለች። «ረትቻለሁ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» አሉ። በራሴ ተናደድኩ፤ ዶሮዋን እንኳ ሰድቤያታለሁ።

ረፋዱ ላይ በሩ ጨለመ። ጎረቤቴ ናት፤ ጥቁሯን አውልቃ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ይዛ። እኔ አልጠራኋትም።

«ይግባኝ ብያለሁ» አለች።

አማቴ ተነሥተው ተቀመጡ። «በምን ምክንያት?»

«በመንገድ እነግርዎታለሁ።»

ጥር ሲገባ አንድ ቀን ጠዋት፣ እንጨት ለቀማ ወጥቼ ሳለ ከማዶ መንደር ጭስ ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ይሮጣል፤ እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ። እንዴት እንደምሸከማቸው አላውቅም፤ ብቻ ልሸከማቸው ነበር። አልጋው ባዶ ነው። ዶሮዋም የለችም። «አባባ!» እያልኩ እየተጣራሁ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ።

የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ አየኋቸው። ኩታና ነጠላ እንደተቋጠረ፣ እሷ ከፊት ድንጋዩን እየመረጠች፣ እሳቸው ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው በዱላ እየተደገፉ፣ ሽንኩርቱ ስንት ራስ እንደነበር ይከራከራሉ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ደረስኩባቸውና ፈጠን እንዲሉ ቋጠሮውን ልፈታ ጎንበስ ስል አማቴ እጄን በዱላቸው ጫፍ ገፉት።

«ዳኛ ሳይፈታን አንቺ ማን ነሽ?» አሉኝ።

ጎረቤቴም ዞር ብላ «ተዪን» አለች።

ዶሮዋን ተቀብያቸው ከኋላ ከኋላ ወረድኩ።