የሌለው ወንድም መርዶ

ተክሌን የማያውቅ የደሴ መስመር ሾፌር የለም። ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሲያይ የሚደሰተውን ያህል በሌላ ነገር ሲደሰት አላየሁትም። ይኼንኑ ዘዴ ጠንቋዮች ላይም ይሞክረዋል። የሌለ ችግር ፈጥሮ ይሄዳል፣ የሚሉትን ሰምቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ሰፈሩን ያስቃል። ማጀቴ ከተማ ያለው አንዱ "ሚስትህን ጎረቤት አስደግሞባታል" ብሎ ጥቁር ዶሮ አዝዞለታል፤ ተክሌ ግን ሚስት አግብቶ አያውቅም። የሌላውን ደግሞ መጋረጃውን ገልጦ ቢያይ መንፈስ የተባለው ድምፅ ከስፒከር ነው የሚወጣው። "እውነተኛው ከተገኘ ጉልበቱን እስማለሁ፤ እስካሁን ግን ሁሉም ያስተነፍሳል" ይላል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ እወደዋለሁም፤ ይኼ ሁሉን አውቃለሁ ባይነቱ ግን ያበሽቀኛል።

ባለፈው ክረምት እናቱ እትዬ በላይነሽ "ጀውሃ እትዬ ፋዲላ ዘንድ ውሰደኝ" ብለው ያዙት። ፋዲላ ዛር ያለባት፣ የጠፋውን የምታይ የምትባል ሴት ናት። "ምን ልትጠይቂያት ነው?" ሲላቸው "የምጠይቀውን እኔ አውቃለሁ" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። እህል ቀነሱ፣ እንቅልፍ አጡ፣ "ሳላውቀው ልሙት?" ማለት አበዙ። ተክሌ ደነገጠ። እናቱ እንዳይታለሉበት ቀድሞ ሄዶ ሊያጋልጣት ቆረጠ።

የፋዲላ ቤት ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጀርባ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣ በወፍራም ድምፅ "ምን አጥተህ መጣህ?" አለችው። ተክሌ አንድ ለእናቱ ነው። ስለዚህ "ታላቅ ወንድሜ ጠፍቶብኝ ነው" አለ።

ድምፁ "ሞቷል። አፋር በረሃ ቀርቷል። ከእንግዲህ አትጠብቁት" አለው። ተክሌ ሳቁን እንደምንም አፍኖ ወጣ።

ሚኒባስ ውስጥ ብቻውን ሲስቅ መጣ። እቤት ሲደርስ እትዬ በላይነሽ ማሾ እየለቀሙ ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። "እማዬ፣ ፋዲላሽ ታላቅ ወንድም ሰጥታ መልሳ ገደለችብኝ" አለ። "አፋር በረሃ ሞቷል አለችኝ እኮ።"

እትዬ በላይነሽ ሰፌዱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና "ልጄን፣ ሳሙኤልን" እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

ለካ ከተክሌ አባት በፊት ከአንድ የጨው ነጋዴ ወልደው ኖሯል። ልጁ ዳዴ ሳይጨርስ አባቱ ወደ አፋር ይዞት ሄደ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ለሰው ተናግረውት አያውቁም። ፋዲላን ሊጠይቁ የፈለጉትም ይኼንኑ ነበር፤ ሳሙኤል አለ ወይስ የለም?

መርዶ እኛ አገር ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ተመክሮበት ነው የሚነገረው። ተክሌ በጠራራ ፀሐይ እየሳቀ አረዳ። "ከራሴ ፈጥሬ ነው እማዬ፣ ወንድም እንዳለኝ መች አውቄ" ቢል ማን ይስማው። "አንተ ያላወቅከውን ነው ያወቀችው" አሉት። እድርተኛው ድንኳን ተከለ። ለቀስተኛው "እግዜር ያጥናህ" ሲለው አሜን ይበል፣ የለም ይበል ጠፋው። እኔም ግራ ገባኝ። ከዚህ የሚጠፋ ሰው ሁሉ ወይ አፋር ወይ ጅቡቲ ነው የሚባለው፤ ያንን ማንም ይገምታል። ግን ተክሌ ከሚፈጥረው ሰው ሁሉ ለምን ወንድም ፈጠረ? ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን ያመኛል።

የሠልስቱ ለት በጠዋት ከተክሌ ጋር ተያይዘን ጀውሃ ሄድን። ፋዲላ በሯ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ትፍቃለች። ተክሌ ጠንቋይ ፊት ሲለምን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

"እትዬ ፋዲላ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ወንድሜን አይተውት ነው?"

"የተናገረው ዛሩ ነው፤ እኔ ፈረሱ ነኝ" አለች።

"ወንድም የለኝም ብዬ አስቤ፣ ልፈትንዎት ነበር የመጣሁት። እናቴ ግን ሌላ ልጅ ነበራት። ይኸው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች።"

ፋዲላ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች። ፊቷ ተለዋወጠ። "ወላሂ ልጄ፣ ገና ስትገባ መዋሸትህን አውቄያለሁ። ሰው የጠፋበት እንዲያ አይቀመጥም። የሌለን ሰው ብገድል ማን ይጎዳል ብዬ ነው።"

"ስለዚህ አልሞተም?"

"እኔ ምን አውቄ።"

ተክሌ ደስ ብሎት ተመለሰ። እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሴትዮዋ ዋሽቻለሁ ብላለች፣ ሳሙኤል በሕይወት ሊኖር ይችላል። እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው ረጋ ብለው ሰሙት። ካለቀሱ ወዲህ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ እህልም ቀምሰዋል።

"ውሸታም ናት ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ዋሸሁ ስትል እንዴት አመንካት?" አሉት።

ተክሌ አሳዘነኝ።

"እሺ፣ እሷን ተዋት፤ አንተን ልመን። ልጄን ልጠብቀው ወይስ ልቅበረው? አንዱን ንገረኝና ልረፍ።"

የእድሩ ዳኛ ብቅ ብሎ "ድንኳኑን እናንሳው?" ሲል ጠየቀ። ተክሌ እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

"ትንሽ ጠብቁ" አለ። ከሰዓት በኋላ ደግመው ሲጠይቁትም ያንኑ አላቸው።