ማራገቢያ ዝም የሚያሰኘው ኩዎቲንግ

ከታይፔ ከተማ ማዶ፣ ሳንቾንግ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ የሚጮኽበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ኩዎቲንግ ነው። እንጀራው ይኸው ነው፦ የኮምፒውተር ማራገቢያ መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ እንደሚያዘግም የሚያዝ ፕሮግራም ይጽፋል። ታይፔ ያለው መሥሪያ ቤቱ በዚህ ሞያው ያከብረዋል፤ እሱም ራሱን ያከብራል። ሁለቱ ሲደመሩ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ክብር ነው። እምቢ ያለው ማራገቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የገዛ ቤቱ።

የቤቱ ኮምፒውተር የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ፣ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ነው። አዛውንቱ ሁዎዋንግ ኪሉንግ ወደብ ላይ የዓሣ ጨረታ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ አፋቸውን ሲከፍቱ የጀልባ ሞተር አይሰማም ነበር። አምና አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ግማሽ ጎናቸው ዛለ፣ ድምፃቸውም እንደ ክር ቀጠነ። ንግግር የምታለማምዳቸው ባለሙያ ለኩዎቲንግ ቁርጡን ነገረችው። “ቢንተባተቡም ያውሩ። ግን የሚሰማቸውና የሚመልስላቸው ሰው ይኑር። ሰሚ ካጡ ይተዉታል፤ አንዴ ከተዉት ደግሞ መመለሱ ጭንቅ ነው።”

ኩዎቲንግ ይህን ሲሰማ ደስ አለው ማለት ይቻላል። አባቱን እንዳይሰማ የሚከለክለው የማራገቢያው ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ የሱ ሞያ ነው። ሥራውን ከቤት ሆኖ ለመሥራት አስፈቀደና አባቱን ሊያድን ተቀመጠ። ማለትም፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ማሽኑ ሲሞቅ ማራገቢያው ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ያዘግማል። ስክሪኑ ላይ ይህን የምታሳይ አንዲት መስመር አለች። ኩዎቲንግ መስመሯን በማውስ ጎትቶ ዝቅ ያደርጋታል፤ ማራገቢያውም ለአፍታ ጋብ ይላል። ከዚያ ሙቀቱ ይጨምርና ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። በማግስቱ መስመሯ ሌላ ቅርጽ ትይዛለች፤ ጩኸቱ ግን ያው ነው።

ሲቸግረው እዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ስሙ “ታዘዝ” ማለት ስለሆነ ማሽን ያስታግሳል የሚባለውን አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ገዝቶ ማሽኑ አናት ላይ አጋደመ። ማሽን እንዲታዘዝ አረንጓዴው ነው የሚያስፈልገው፤ ቢጫው አይሆንም፣ ቀኑ ያለፈበት አይሆንም፣ ከፍቶ መብላትማ ጨርሶ አይታሰብም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥም ዲግሪው ግድግዳ ላይ ነው፣ ከረጢቱ ማሽን ላይ። ልዩነቱ የቢሮው ማሽኖች ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በጀርባቸው መሆኑ ነው። የቤቱ ማሽን የሚተነፍሰው አናቱ ላይ ባለው ወንፊት ነበር። ጩኸቱ ሲብስ ኩዎቲንግ ከረጢቱ ያነሰ መሰለውና ትልቁን ደረበበት።

ከሰዓት ከሰዓት አዛውንቱ ጤነኛ እጃቸውን አንስተው አንድ ነገር ይላሉ። ልጃቸው ጣቱን ከቁልፎቹ ሳያነሳ “እሺ አባዬ፣ እሺ” ይላል። እሺ ያለው ምኑን እንደሆነ እሱም አያውቅ። ማሽኑን ቀኑን ሙሉ አብርቶ የሚያውለው ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ዝም ማለቱን ለመፈተን ነው። አጥፍቶት አባቱ አጠገብ ቁጭ ማለት የሚባል መላ አልታየውም። ፕሮግራም የማያስጽፍ መላ ለእንደሱ ዓይነቱ ሊቅ አይገለጥለትም። እያደር ሁዎዋንግ እጃቸውን ማንሳት ቀነሱ፤ ይሄ ነው አንጀት የሚበላው።

አንድ እሁድ ታላቅ እህቱ ሜይሁይ የሩዝ አጥሚት ከዓሣ ጋር ሠርታ መጣች።

“ኧረ በሕግ! ይሄ ቤት ነው ወይስ አውሮፕላን ማረፊያ?”

“ጨርሻለሁ እትዬ። አሁን አዲሱን ፕሮግራም ስጭነው ዝም ይላል።”

“አዲሱ፣ አዲሱ ስትል ስንቱ በዓል አለፈ! አቧራውንስ አታየውም?” ሁለቱን ከረጢቶች አንስታ የማሽኑን አናት በጨርቅ ጠረገችው።

ማራገቢያው እንደማጓራት ብሎ ተነፈሰ። ወረደ፣ ወረደና ድምፁ ጠፋ። ከታች ከመንገዱ የሞተር ብስክሌት ጡሩምባ ተሰማ።

“አየሽ!” ኩዎቲንግ ወንበሩ ላይ እንዳለ ፈነጠዘ። “መስመሯን ትንሽ ነው የነካኋት፣ ትንሽ!”

“ከረጢቶቹን አነሳሁልህ እኮ።”

“እሱ አይገናኝም።”

“እንዲያ ከሆነ መልሼ ላስቀምጣቸው።”

“ተይ! አንዴ ታዟል፣ አትነካኪው!”

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አባቱን ጠራ። “አባዬ፣ በል አሁን ተናገር። ሁሉም ይሰማኛል።” ዓይኑ ግን ቁልቁል በምትወርደው መስመር ላይ ቀርቷል።

ሁዎዋንግ አልመለሱም።

“አባዬ?”

ሜይሁይ ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። ኩዎቲንግ ያን ጊዜ ፈራ፤ የለፋለት ዝምታ ይኸው መጣ። “አባዬ፣ በናትህ፣ የፈለግከውን በል። ስደበኝም ብትፈልግ።” ይህን ሲል እንኳ እጁ ማውሱ ላይ ነው።

አዛውንቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቃሉ ከጉሮሯቸው እስኪወጣ ጊዜ ፈጀ፤ ሲወጣ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

“ከጀርባ ጋር... አላወራም።”

ኩዎቲንግ ወንበሩን አዞረ። ለዚህኛው ፕሮግራም አላስፈለገውም።