አባቴን በግራ እጄ ስገጥም

እውነቱን ለመናገር ራኬቱን በግራ እጄ ያነሳሁት ለስፖርት ብዬ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ለጤናዬ ነው፣ ቁጭ ብሎ መዋል ሰለቸኝ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ፍላጎቴ አባቴን አሸንፌ፣ መረቡ ጋ ላብ በላብ ሆኖ ሲቆም፣ ከአፉ «አጠፋሁ» የምትል አንዲት ቃል መስማት ነበር። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ ይህችን ቃል ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለማንም ሲላት ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ኡራኤል ጋ ነው። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ፣ ለእግረኛ መንገድ ተቆፍሮ በጣውላ የተሸፈነ ቦይ ነበር፤ ጣውላው ከዳኝ። በቀኝ እጄ መሬቱን ስደገፍ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሰው ከቦኝ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል፤ እኔ በሌላኛው እጄ ስልኬን አውጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። አይ እኔ! ፊት ለፊቴ ክሊኒክ ነበር እኮ። በስሯ ስምንት ሠራተኛ የምታዝ ሴትዮ አጥንቷ ሲሰበር አባቷን ትጠራለች።

አባቴ ከካዛንቺስ በእግሩ መጣ። ያኔ ሰባ አምስት ዓመቱን አልፎታል፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ የሚጫወት፣ ወገቡ ያልጎበጠ ሰው ነው። እጄን አየት አደረገና «ውልቃት ነው» አለ።

«አባዬ፣ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ? ሆስፒታል ከሄድሽ ጀሶ ውስጥ ቀብረው ያደርቁልሻል። አጥንት የሚያውቀው ወጌሻ ነው።»

ላዳ አስቆመና መስቀል ፍላወር ጀርባ ወዳለ አንድ ወጌሻ ወሰደኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እጄን በቅቤ አሸት አሸት አደረገና «ጥርስሽን ንከሺ የኔ እህት» ብሎ ሳብ ሲያደርገው ሰፈሩን በጩኸት አናወጥኩት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «እንደ ልጅ አትጩሂ» አለኝ። ከዚያ በሽንበቆ ስንጥርና በጨርቅ ጥፍር ተደርጌ ታሰርኩ። በየአራት ቀኑ ስሄድ ይፈታዋል፣ ያሸዋል፣ መልሶ ያስረዋል። ጣቶቼ አብጠው «ሐኪም ጋ ልሂድ» ስል አባቴ «የተጀመረ ሥራ አታበላሺ» ይለኛል። እኛ ቤት ደግሞ በዚህ አንከራከርም። ማለቴ፣ በምንም አንከራከርም።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ተደብቄ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ «ገጥሟል፤ ግን ጠምሞ ነው የገጠመው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው ቢሆን…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ለማስተካከል እንደገና ተሰብሮ ብረት መግባት አለበት፤ እሱም ዋስትና የለውም አለኝ።

«ቴኒስስ?» አልኩት።

ትንሽ ፈገግ አለ። «ብዕር ይይዛሉ፣ ማንኪያ ይይዛሉ» አለኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለቴኒስ ይህን ያህል ይለቀሳል ወይ የሚል ይኖራል። ካዛንቺስ ውስጥ፣ አባቴ ጡረታ የወጣበት መሥሪያ ቤት ክበብ ግቢ፣ አንድ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ዙሪያው ፈርሶ ተነቅሎ እሱ እንደ ምንም ተርፏል። እኔና አባቴ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ነን። አባቴ ቤት ውስጥ አያወራም፤ ይገባል፣ ዜና ይሰማል፣ ይተኛል። ሜዳ ላይ ግን ጥሩ ኳስ ስመታ «ጎሽ!» ይላል። በሕይወቴ ጎሽ ያለኝ እዚያ ብቻ ነው። ሜዳው ቀረብኝ ማለት አባቴ ቀረብኝ ማለት ነበር።

ሐኪሙ ያለውን ስነግረው ሻዩን ፉት አለና «እግዜር ያመጣውን ምን ይደረጋል» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እግዜር! ላዳ ያስቆመው እግዜር ነው? አፌን ግን ዘጋሁ፤ አፌን መዝጋት ያስተማረኝም እሱው ነው።

እጄ ታስሮ ሳለ ቢሮ ውስጥ መሳቂያ ሆኜ ነበር። ሰነድ በግራዬ ባቀበልኩ ቁጥር «ይቅርታ፣ በግራ ነው» እላለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደምጠይቅ እኔ ነኝ የማውቀው። ምሳ ሰዓት ከሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ በግራ አይበላም፤ ስለዚህ የቢሮ ጓደኞቼ በየተራ ያጎርሱኝ ጀመር። መጀመሪያ ያስቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሆድ ይብሳል።

የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። እኔ ስወለድ ግራኝ ነበርኩ። አባቴ ይህን ሲያይ ምሳ ሲቀርብና የቤት ሥራ ሲሠራ፣ ግራ እጄን በእናቴ መቀነት ከወገቤ ጋር ያስረው ነበር። ትምህርት ቤት እስክገባና ጽሕፈቴ እስኪስተካከል ድረስ ታስሬያለሁ። ስለዚህ ቀኜ አባቴ የሠራው እጅ ነው፤ እሱን ራሱ አበላሸው። ስለ መቀነቱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ረስቶታል ብዬ ነበር የማስበው።

እና ምን ጠበቅኩ መሰላችሁ? ግራዬ ራኬት ሲይዝ ደስ ብሎት ይነሳል፣ የራሱን ቦታ ያስታውሳል ብዬ ነበር። ኤዲያ! ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሳልገባ፣ ሜዳው ጥግ ካለው ግድግዳ ጋር ልለማመድ ቆምኩ። የመጀመሪያው ኳስ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ሁለተኛው አጥር ተሻግሮ የሚገነባው ሕንፃ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ጭራሽ ሳትኩት። ያን ሁሉ ዓመት ታስሮና ተቀጥቶ የኖረ እጅ ኳስ ሲመጣበት ይደነግጣል። ለራሴ እጅ አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩበት።

ለካ ዋናው ችግር እጅ አይደለም፤ እግር ነው። በቀኝ ለሚመታ የሚቀድመው እግር በግራ ለሚመታ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የእኔ እግሮች ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ የለመዱትን አይተዉም። በራሴ እግር ተጠልፌ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሰርቭ፣ ያ ጨዋታ መክፈቻው ምት፣ ደግሞ አይነሳ። ኳሱን ሽቅብ መወርወር ያለበት ቀኝ እጄ ነው፤ እሱ ጠምሞ ስለገጠመ መዳፌ ወደ ላይ አይዞርም። ኳሱ ወደ ጎን ይሄድብኛል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ኳሱን መሬት አንጥሬ ከሥር መምታት ተማርኩ፤ እንደ ጀማሪ ልጅ።

አባቴ ሲሰማ «በግራ? ሰው እንዳይስቅብሽ» አለ። ብቻዬን ለመድኩ። ክረምቱ ሲያባርረኝ ቤቴ ኮሪደር ላይ ራኬት ሳወዛውዝ ከረምኩ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች አብዳለች ብለው አስወርተውብኛል። ዓመት አለፈ። በዚህ መሃል የአባቴ የቴኒስ ጓደኞች ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ሰፈሩ ሲፈርስ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አንድ ቅዳሜ ራሱ ደውሎ «እስኪ ነይ፣ የምታወሪለትን ግራሽን ልየው» አለኝ። አብሮት የሚጫወት ሰው አጥቶ ነው እንጂ ናፍቄው አይመስለኝም።

ያን ቀን አላዘንኩለትም። በግራ ስመታ ኳሴ የሚሄደው ወደ እሱ ደካማ ጎን ነው፤ የአባቴ ባክሃንድ፣ የእጅ ጀርባ ምቱ፣ ጥሩ ሆኖለት አያውቅም፣ ጉልበቱም ያመዋል። እዚያው እዚያው መታሁበት። ወደ ኋላ ሲሸሽልኝ መረቡ ሥር ጣል አደርጋለሁ፤ ሮጦ ሲደርስ ራሱ ላይ አሳልፋለሁ። ሰባ ሰባት ዓመት የሞላውን ሰውዬ አርባ ደቂቃ ሙሉ አሯሯጥኩት። ስድስት ለአራት አሸነፍኩ። ደስ አለኝ ብል እውነት ነው፤ አፈርኩ ብልም እውነት ነው። በመላው ጨዋታ አንድም ጎሽ አላለም።

መረቡ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ቃሏን እየጠበቅኩ ነው። እያለከለከ መጣ። ይኼኔ ዛፉ ሥር ሻይ ከሚጠጡት ሽማግሌዎች አንዱ «ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ግራ እጅ ከየት አመጣችው?» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ላቡን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት!» አለ። «ቀኟ ሲበላሽ ዝም ብዬ ላያት ነው? ግራውን አስተማርኳት።»

«አባት ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። አጨበጨቡለት። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው የኔ ልጅ?» አለኝ።

ሁሉም ያየኛል። አባቴ ብቻ አያየኝም፤ የራኬቱን እጀታ በፎጣ ይጠርጋል። ስለ ወጌሻው ልናገር፣ ስለ መቀነቱ ልናገር፣ ሁሉም ምላሴ ላይ መጣ። ሽማግሌ አባት በሰው ፊት እንዴት ይዋረዳል?

«አዎ፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ» አልኩ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ራኬቱን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ይቅርታ ልቀበል ሄጄ የሐሰት ምስክር ሆኜለት መጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ከረምኩ፤ ከእሱ ይልቅ በራሴ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ሜዳ ላይ ነኝ። ምነው ቀረሽ?»

«እጄን አሞኛል።»

«ምን ሆነሽ ደግሞ?»

«ምን እሆናለሁ? አንተ ያበላሸኸውን እጄን ነዋ ያመመኝ!» አልኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጥብቄ ያዝኩት።

የዘጋው መስሎኝ ነበር፤ ግን ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣

«ቀኙን ነው ግራውን?» አለኝ።