የበጋው ሦስት ሚሊ ሜትር

ደመና ባየሁ ቁጥር እማማ አማረች ትዝ ይሉኛል። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ሁምቦ ወረዳ ውስጥ ተበላ በምትባል ከተማ የዝናብ መዝጋቢ ነበርኩ። የምኖረው አረቄ በሚሸጡት በእማማ አማረች ቤት ተከራይቼ ሲሆን፣ የዝናብ መለኪያዬም የቆመው እዚያው ጓሮ ነው።

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። እንሰቱ ጠወለገ፣ የእማማ ላም ነጠፈች፤ እኔም በየጠዋቱ ባዶ መለኪያ ላይ አፍጥጬ ዜሮ መጻፍ አንገሸገሸኝ።

አንድ ሰሞን ግን መለኪያው በየጠዋቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ውኃ ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። ሌሊት አካፍቶ ይሆናል ብዬ እየፈነደቅኩ መዘገብኩ። ደስ ያለው ሰው መሬቱን መች ያያል!

በሳምንቱ አለቃዬ ከሶዶ ደወለ፤ «ስማ፣ ሰማዩ የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ማልጄ ጓሮ ብወጣ፣ እማማ አማረች ከሩቅ ምንጭ ያስቀዱትን ውኃ በጣሳ መለኪያዬ ውስጥ ሲያንቆረቁሩ ደረስኩባቸው።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ባዶ ሲሆን ፊትህ ይጠቁራል» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ። «በእኔ ቤት መለኪያው ጎድሎበት የተከዘ እንግዳ የለም!»