ሳልጠየቅ የዘጋሁት ኮት

ልጄ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀች ለት የተነሳነው ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እሷ ጋዋን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ትስቃለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ወደ መሬት አያለሁ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ምነው፣ ፀሐይ ወግቶሽ ነው?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል፤ በዚያን ቀን ፀሐይ የሚባል ነገር አልወጣም። እውነቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እስቲ ዛሬ ልናገረው።

እኔ ጎረቤላ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ በረንዳ ላይ የተቀመጠች አንዲት የእግር መኪና አለችኝ፤ በሷ ልብስ እየሰፋሁ ነው የኖርኩት። ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ያረጀ ካፖርት ገዛሁና ስፌቱን በምላጭ ተርትሬ፣ ቁራጩን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግቼ ሳየው ዋልኩ። አፈታቱን ካወቅኩ አገጣጠሙ አይጠፋኝም ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት። በአራተኛው አንዱ እጅጌ ወደ ኋላ ዞሮ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ ገዢ አላጣም። ፊደሉንም እንዲሁ ነው የለቀምኩት፤ ከወንድሜ ደብተር፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ከመድኃኒት ካርቶን።

እኛ ዘንድ ደንበኛ ልብሱን ሲረከብ መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚያየው። ውጪውንማ ማንም ያሳምረዋል። ክር ከተንጠለጠለ፣ የጠመኔ ምልክት ሳይራገፍ ከቀረ፣ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይሰማል። የልብስ ውስጡ የሰፊዋ ገበና ነው። እኔ በዚህ ነው ስም ያወጣሁት፤ የኔን ስፌት ገልብጦ ነውር ያገኘ ሰው የለም።

ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ደብረ ብርሃን የልብስ ስፌት ስትገባ ደስም አለኝ፣ ትንሽም ቆረቆረኝ። መጀመሪያ ለእረፍት ስትመጣ ወረቀት ላይ መስመር እያሰመረች፣ እያባዛች እያካፈለች ስትቆርጥ አየኋት።

«ሰው በቁሙ እያለ ወረቀት ትለኪያለሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ወረቀት ሲለኩት ሆዱን አይሰበስብም» አለችኝ።

ሳቅኩ። እውነቷን ነው፤ ወንዶቹ ደንበኞቼ ሜትሩን ሲያዩ ሁሉም ይቀጥናሉ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ያቺ ወረቀት ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ምርቃቱ ቅዳሜ ሊሆን፣ ረቡዕ ከሰዓት በሚኒባስ መጣች። በፌስታል የተጠቀለለ ኮት ይዛለች፤ ከኛው ደጋ በግ ፀጉር የተሠራ፣ ግራጫ፣ ከባድ።

«ቁልፎቹን ብቻ ትከይልኝ» አለችኝ። «አንቺ የተከልሽው ቁልፍ አይረግፍም። ቅዳሜ ስትመጪ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ኤግዚቢሽኑ ላይ የማቀርበው እሱን ነው። ከተማ ውስጥ ካፖርት የሚያሰፋ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሥራችንን አይቶ ሁለት ሰው ይወስዳል። እማዬ፣ ካየው እኔን ነው የሚወስደኝ!»

ለልምምድ መመለስ ነበረባት። የመጣችበት ሚኒባስ ሞልቶ ሊመለስ ጡሩንባውን ይነፋል። ጉንጬን ስማኝ ሮጠች።

ሐሙስ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፌስታሉን ፈታሁ። ቀኙ ጎን አልቋል፤ የሚያስቀና ነው። ግራውን ስገልጠው ክው አልኩ። ገበሩ አልተሰፋም። ከደረቱ ጨርቅ ስር የሚደበቀው ማጠንከሪያ ሸራ ፈጦ ይታያል። ለጊዜው ብቻ ጨርቅ የሚይዘው ነጭ የሽልል ክር እንደ እባብ ይሄዳል፤ ጠመኔው አልተራገፈም። ይባስ ብሎ ትናንሽ ወረቀቶች በስፒል ተይዘዋል፤ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

አስተማሪዋ ያወጣባት ስህተት መሰለኝ። ሰባት ስህተት! አርማ ልታመጣው ጊዜ አጥሯት፣ ለኔ መንገር አፍራ «ቁልፍ ብቻ» ያለችኝ መሰለኝ።

ከበረንዳዬ ጎን ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«የማነው እሱ?»

«የልጄ።»

«የምትመረቅበት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ግማሹን በጓ መልሳ ወሰደችው እንዴ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ሆዬ! አንቺ ሳትማሪ ሙሉውን ትሰፊያለሽ፣ እሷ ሁለት ዓመት ተምራ ግማሽ ኮት?»

ክፋት የላትም፤ አፏ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የልጄ ገበና ተገልጦ በከተማ ሰው ፊት ሊዞር ነው። ስልኬ እዚያው መኪናዋ ላይ፣ ከክሩ ጎን ተቀምጧል። አንስቼ ብደውል አንድ ደቂቃም አይፈጅ። አልደወልኩም።

መቀሴን አነሳሁ። የሽልሉን ክር መዝዤ ጣልኩ። ጠመኔውን በብሩሽ አራገፍኩ። ቁጥር አንድን አየሁና አስተካከልኩ፣ ሁለትን አስተካከልኩ። አራተኛው ላይ ስህተቱ ጠፋኝ። ቢሆንም ተርትሬ በራሴ አሠራር ሰፋሁት፤ የተማረ ሰው ያየውን እኔ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል ብዬ። ገበሩን ዘጋሁ፣ ቁልፎቹን ተከልኩ፣ ወረቀቶቹን ካውያው ፍም ውስጥ ጨመርኳቸው።

«አሁን ኮት ሆነ!» አለች ጎረቤቴ። እኔም እንደዚያው አልኩ።

ቅዳሜ ከጎረቤቴ ጋር በጠዋት ተሳፍረን ደብረ ብርሃን ገባን። ልጄ ጋዋኗን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችን። ኮቱን ከነፌስታሉ ተቀብላ ለጓደኛዋ «ማሳያው ላይ አልብሺልኝ» ብላ ሰጠቻት፤ ለመፈተሽ ጊዜ አልነበራትም፣ ሰልፍ እየተጠራ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስሟ ሲጠራ እልል አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ከዚያ እንግዶቹ ወርክሾፖቹን ሊጎበኙ ወጡ፣ እኛ ወላጆችም ተከተልን።

የስፌት ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አስተማሪዋ ሜትር አንገቱ ላይ ያጠለቀ ቀጭን ወጣት ነው። ካፖርት የሚያሰፋው ሰውዬ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊት ቆሟል። ልጄ ከኮቱ ጎን ቆመች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር።

«ይህ ኮት ሆን ተብሎ ግማሹ ክፍት የተተወ ነው» አለች። «ቀኙ ደንበኛው የሚለብሰው ነው። ግራው ግን የውስጡን አሠራር ያሳያል። ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፤ በተራ አስረዳለሁ።»

«ሆን ተብሎ» ስትል ገባኝ። እጇ ገና ኮቱ ጋ አልደረሰም ነበር።

ግራውን ገለጠችው። ገበር ነው። ልሙጥ፣ የተተኮሰ፣ ያማረ ገበር። እጇ እላዩ ላይ ቀረ። ስትዳብሰው አየኋት፤ ቁጥሮቹን የምትፈልግ ይመስል ነበር።

«ቀጥይ» አላት አስተማሪው በቀስታ።

ሰውዬው ቀረብ ብሎ ኮቱን ገለበጠው። አውራ ጣቱን መጀመሪያ በቀኙ፣ ከዚያ በግራው ስፌት ላይ አስኬደው። ልብስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

«ሁለቱ የአንድ ሰው እጅ አይደሉም» አለ። «ይሄኛው የገበያ ሰፊ ስፌት ነው። ልጄ፣ አሰፍተሽ ነው ያመጣሽው?»

ልጄ ቀና አለች። ያን ሁሉ ሰው ትታ በቀጥታ እኔን አገኘችኝ። በመካከላችን አራት እርምጃ ቢሆን ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል። ገበያ መሐል ከደላላ ጋር ስሟገት የሚሰማው አፌ ተለጎመ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያልተበላሸ ነጠላ።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለች ልጄ። «ሳልፈትሸው አቀረብኩት።»

ሰውዬው «እሺ» ብሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

ጎረቤቴ ከኋላ ስለነበረች አልሰማችም። «ምን አሏት?» ብላ ጎሸም አደረገችኝ።

«ስፌቱን ወደዱላት» አልኳት።

ምነው በቆረጠው ምላሴን! ጎረቤቴ አፏን በእጇ ከልላ «እልልልልል!» አለችው። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። አስተማሪው ዞረ። ሰውዬው ዞረ። ልጄ ግን አልዞረችም፤ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመረች።

ፎቶውን የተነሳነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳይመሽ ጎረቤላ ገባን። ድግሱ ተሰናድቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቃል። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ለምርቃት ተነሱና ልጄን መርቀው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ፣ እጅሽ ይባረክ! ያለዚህ እጅ ልጅቱ ለዚህ አትበቃም ነበር» አሉ። ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እጄን ከነጠላዬ ስር ከተትኩት።

ልጄ ሰውን እጅ እያስታጠበች ዞራ እኔ ጋ ደረሰች። ጎንበስ ብላ እጄ ላይ ስታፈስ፣

«እማዬ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ፤ ማንም እንዳይሰማ።

«ያላለቀ መሰለኝ።»

«ስልክ ነበረሽ።»

«ነበረኝ።»

ማስታጠቢያውን ይዛ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ያላለቀ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው አይደለም። ደውዬ ብሆን ኖሮ «ተይው፣ እንደዚያው ይሁን» ትለኝ ነበር፤ ይሄንን እኔም ሆዴ ያውቀው ነበር። በዚያ ኤግዚቢሽን ላይ እነዚያ የተማሩ ሰዎች የኔን ስፌት ገልብጠው ነውር እንዲያጡበት ፈልጌ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፍቼ ማንም ለፈተና አስቀምጦኝ «አልፈሻል» ያለኝ የለም። በልጄ ኮት ውስጥ ገብቼ ልፈተን አማረኝ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ኮቱን ማበላሸቴንማ አለማወቅ ነው ልበለው።

ሰኞ ለማንም ሳልናገር ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አስተማሪውን አገኘሁትና ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ በረንዳውን፣ ወረቀቶቹን፣ ፍሙን። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ጠርጥሬ ነበር፣ እናቴ» አለኝ። «ጠይቄያታለሁ። ‹የራሴ ጥፋት ነው› ብላ ድርቅ አለች።»

እፊቴ ለሰውዬው ደወለለት። ሰውዬው ቅዳሜውኑ ሁለት ልጆች ወስዷል። ነገሩን ግን ሰምቶ፣ ልጅቷን በክፉ እንደማያስባት ተናገረ። አስተማሪው ስልኩን ዘግቶ «ቅዳሜ ቢናገሩት ኖሮ ጥሩ ነበር» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሆንም ከዚያ ስወጣ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ልጄ እሑድ ተመልሳ ነበርና፣ ወደተከራየችው ክፍል እየተጣደፍኩ ሄድኩ። ጋዋኑን ልትመልስ እያጣጠፈች አገኘኋት።

«ሄጄ ነገርኳቸው!» አልኳት ገና ከበሩ። «እኔ ነኝ አልኩ። ለሰውዬውም ተደውሎለታል።»

ጋዋኑ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ላከሽ?»

«ማን ይልከኛል? ራሴ ነኛ።»

«እማዬ፣ ነገ ልሄድለት ነበር እኮ! መቀሴንና ጨርቄን ይዤ፣ ፊቱ ቁጭ ብዬ ልሰፋለት። እሱ ያያል፣ እኔም በእጄ እመልስለት ነበር። አሁን እናቷ የምታማልድላት ልጅ ሆንኩ።»

‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› ይላል የኛ አገር ሰው። እኔም በሌላው ስተርትበት የኖርኩት ተረት ነው። በአራት ቀን ሁለት ጊዜ ያንኑ ጥፋት አጠፋሁ። መጀመሪያ ልርዳት ብዬ፣ ኋላ ልካሳት ብዬ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ፤ ይችን ልጅ ስወልዳት ጀምሮ እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ጋዋኑን ከመሬት አነሳችው። «ምንም። እዚያ አልጋው ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ኮቱን ከሳጥን አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ምላጭ አንስታ የኔን ስፌት መተርተር ጀመረች። አጥብቄ ነው የምሰፋው፤ ክሩ አልላቀቅ አላት። «ደግሞ ስታጠብቂው!» አለች ለራሷ። እንዴት በቀላሉ እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ ከጫፍ ሳይሆን ከመሐል ነው የሚጀመረው። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ።

«እማዬ!»

መልሼ ሁለቱንም እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ለኔ እጅ የጠበቀ ስፌት ከመተርተር ይልቅ ያለ ሥራ መቀመጥ ይከብዳል። የጎረቤላው ሚኒባስ ሰዓቱ እየደረሰ ነበር፤ አልተነሳሁም።

ገበሩን ከፈተችው። ሸራው ወጣ። ደረቱ ላይ እኔ ዝም ብዬ የደፈጠጥኩትን አንድ እጥፋት በጣቷ ቀና አድርጋ ያዘችና አየችኝ።

«ይሄ ለምን እዚህ እንደገባ ታውቂያለሽ?»

ደንበኛ ሲጠይቀኝ ለሁሉም መልስ አለኝ። ያላየሁትንም ጨርቅ አውቀዋለሁ ብዬ ነው ዳቦዬን የበላሁት።

«አላውቅም» አልኩ።

ምላጩን አስቀመጠች። «እንግዲያው ጠጋ በይና እይ» አለችኝ። «አትንኪው ብቻ።»