ሚሊሜትር የዘለለው ልኬት

ሚሊሜትር እንለዋለን። የኤምአርአይ ማሽናችን የጥገና ባለሙያ ነው። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ሚስቱ፣ «የሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ እኔን ትቶ የሚዜውን ክራባት ሲያቃና ነው የተነሳው» ትላለች። እሱ ግን አይስቅም። «ተጣሞ ነበራ!» ይላል።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ ማሽኑን ይለካል። ማሽኑ የሰውን የውስጥ አካል ምስል የሚያነሳ ትልቅ ማግኔት ነው። ውስጡ የማግኔቱን ጉልበት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል እርምጃ የሚጨምሩ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ ለወርድ፣ አንዱ ለከፍታ፣ አንዱ ከራስ እስከ እግር። እርምጃው ከተዛባ ምስሉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ስለዚህ ልኩ የታወቀ፣ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስገባና ምስሉን ያነሳል፤ ሃያ ሴንቲሜትሩ ምስሉ ላይም ሃያ መሆኑን ያያል። ካልሆነ ወደ ጥቅሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ያስተካክላል። ለሦስተኛው አቅጣጫ ጠርሙሱን አዙሮ ውሃው እስኪረጋ መጠበቅ ግድ ነው።

ያንን ጥበቃ የምጠላው እኔ ነበርኩ። ምስል የማነሳው እኔ፣ ወረፋው ሲረዝም የምሰደበውም እኔ። አንድ ሰኞ፣ «ጋሼ፣ ሰዉ በሩን ሊሰብረው ነው! ሁለቱ ደህና ከሆኑ ሦስተኛው የት ይሄዳል?» አልኩት። ጆሮውን እያከከ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር መዝገቡ ላይ ገለበጠ። በሚቀጥለው ሰኞ መጨቅጨቅ እንኳ አላስፈለገኝም። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ሳምንት ሄደ። ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል።

ከዚያ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው እጢ በመድኃኒት ሠላሳ ሦስት ሚሊሜትር ላይ ቆሞላት ነበር። አሁን ሠላሳ አምስት ሆነ። ዶክተሩ መድኃኒቱ አልሠራም፣ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ይደረግላት አለ። ለሚሊሜትር የነገርኩት እንደ ወሬ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ጠርሙሱን ይዞ ገባና ሦስተኛውን አቅጣጫ ለካ። ሃያው ሴንቲሜትር ሃያ አንድ ሴንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር ሆኖ ታየ።

«እጢው አላደገም» አለኝ። «የለጠጥነው እኛ ነን።»

«ዝም ብለን እናስተካክለውና ደግመን እንጥራት» አልኩት። ስናገረው አፈርኩ፤ ግን ተናገርኩት።

«አይሆንም» ብሎ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ ዶክተሩ ሄደ። ማሽኑ ተስተካክሎ በስድስቱ ሳምንት የተነሱት ሁሉ እንደገና ተጠሩ። ልብስ ሰፊዋ ረቡዕ ደግማ ተነሳች፤ እጢው ሠላሳ ሦስት። ቀዶ ጥገናው ቀረ።

አርብ ዕለት ልታመሰግነው መጣች። ዶክተሩ «ስህተቱን ያገኘው እሱ ነው» ብሎ ብቻ ነግሯት ኖሯል። ለሐሙሱ ብላ ፀጉሯን ተላጭታለች። «ወንድሜ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ብላ እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ እጁን መነጨቀ።

«ይተዉ እህቴ፣ አይሳሙኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልለካ ለካሁ ብዬ ጽፌያለሁ።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ልጆቼን ለእህቴ አደራ ብዬ፣ ልብሳቸውን በሻንጣ ከትቼ ነበር» አለች። «ትንሿን፣ እናትሽ ላትመለስ ትችላለች ብያታለሁ። መለካቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

ሚሊሜትር አንገቱን ደፋ። «ሰነፍኩ» አለ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን፣ «ቀጣይ ታካሚ!» የሚል ነው።